በሐመሩ ሐ

የምኖርባት ከተማ ስም በሐመሩ ሐ ነው የሚጻፈው። ባሕር እንጂ ባህር አይደለም። ይህን ስናገር ሰው እንደሚሰለቸው አውቃለሁ፤ እኔንም ሰልችቶኛል። ከመሥሪያ ቤት ወደ ቤቴ በእግሬ ስመለስ የማልፋቸው ሰሌዳዎች፣ የሆቴሉም፣ የመድኃኒት ቤቱም፣ የባጃጅ ማኅበሩም፣ ሁሉም በሀሌታው ሀ የተጻፉ ናቸው። ድሮ እቆም ነበር። ባለቤቱን አስጠርቼ ስሕተቱን አስረዳለሁ። አንድ የጫማ ነጋዴ፣ "ጋሼ፣ ጫማው ልክዎ ከሆነ ሀው ምን አደረገዎት?" ብሎ ሰው አሥቆብኛል። አሁን ዐይቼ አልፋለሁ። ጉልበትም የለኝ።

ለማያውቅ ላስረዳ። ፊደላችን በአፍ ሲጠሩ የማይለዩ ሦስት ሀዎች አሉት፤ ሀሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ። ስማቸው የወጣው ከሚጻፉባቸው የግእዝ ቃላት ነው። ሐመር በግእዝ መርከብ፣ ጀልባ ማለት ነው። ጥንት ሦስቱም የየራሳቸው ድምፅ ነበራቸው ይባላል። አማርኛችን ድምፁን ጥሎ ቅርጹን ብቻ አስቀረ። ስለዚህ አንድ ቃል በየትኛው ሀ እንደሚጻፍ በጆሮ አይታወቅም። የቃሉን ሥር ማወቅ ግድ ነው።

እኔ ሥሩን ያወቅሁት ትምህርት ቤት ገብቼ አይደለም። ከስድስተኛ ክፍል በላይ አልተማርሁም። ከመራዊ ወዲያ ካለው መንደራችን መጥቼ በአንድ መሥሪያ ቤት ተላላኪ ሆንሁ፤ ቆይቶም መዝገብ ቤት አስገቡኝ። የተማሩ ሰዎች የጻፉትን ደብዳቤ በየፋይሉ ሳስገባ አንዱ ቃል በሦስት ዓይነት ተጽፎ ዐያለሁ። የትኛው ልክ እንደ ሆነ የሚነግረኝ አጣሁ። ሐይቁ ዳር ባለው ቤተ ክርስቲያን ግቢ ዐይናቸው የደከመ አንድ የኔታ ነበሩ። ከሥራ ስወጣ እየሄድሁ መጽሐፍ አነብላቸዋለሁ፤ እሳቸው ደግሞ ቃሉን እየፈቱ ሥሩን ያሳዩኛል። ስድስት ዓመት እንዲህ ተመላለስሁ። ካረፉ በኋላ አንድ አሮጌ መዝገበ ቃላት ገዝቼ ብቻዬን ቀጠልሁ።

ከየኔታ ከሰማሁት ሁሉ የማልረሳው የላሕምን ነገር ነው። ላሕም በግእዝ ላም ናት። ዐረቦች ያንኑ ቃል ለሥጋ ይሉታል። ዕብራውያን ደግሞ ለእንጀራ። የጌታ መወለጃ ቤተ ልሔም "የእንጀራ ቤት" ተብሎ የሚፈታው ለዚህ ነው፤ በየቤተ ክርስቲያኑም የቅዳሴው ኅብስት የሚሰናዳበት ቤት ስሙ ቤተ ልሔም ነው። ሥሩ አንድ ሆኖ ለአንዱ ላም፣ ለአንዱ ሥጋ፣ ለአንዱ እንጀራ ሆነ። የኔታ እንዳሉኝ ሁሉም በቤቱ የሚኖርበትን ነገር በቃሉ ጠራው። ሊቃውንቱ ሌላ ፍቺ ይኖራቸው ይሆናል። እኔ ግን ይህን አምኜ ኖርሁ።

ያለችን አንዲት ሴት ልጅ ናት። ፊደል ያስቈጠርኋት እኔ ነኝ። ትምህርት ቤት ሳትገባ ሀሌታውን ከሐመሩ ትለይ ነበር፤ እንግዳ ሲመጣ አቆማትና አስነብባታለሁ። ሰባት ዓመት ሲሆናት አንድ ቀን በደብተሯ ላይ ትምህርትን በሐመሩ ሐ ጽፋ አገኘሁ። ትምህርት በሀሌታው ነው፤ ሥሩ መሀረ፣ አስተማረ። በሐመሩ የሚጻፈው ምሕረት ነው፤ ሥሩ መሐረ፣ ይቅር አለ። አማርኛ ሁለቱን ሀዎች ስለዋጣቸው ዕውቀት ያገኘውንም ተማረ እንላለን፣ ይቅር የተባለውንም ተማረ እንላለን። ይህን ሁሉ ነገርኋትና መዳፏን በማስመሪያ መታኋት። አላለቀሰችም። መዳፏን ጨብጣ፣ ሲጠሩት አንድ ከሆነ ለምን ሁለት አድርገው ጻፉት ብላ ጠየቀችኝ። መልሱን አላውቅም ነበር። አላውቅም ማለት ሲገባኝ፣ ስለ ሆነ ነው፣ ዝም ብለሽ ያዢ አልኋት።

ሌላም ነገር ነበረ። ስታጠፋ ጠጠር ላይ አንበረክካታለሁ። የምትነሣው "ልማር" ስትል ነው። እኔም "ተማሪ" እላታለሁ፤ ይቅር ተብለሻል፣ ተነሺ ማለቴ ነው። ይህን ያወጣሁት እኔው ነኝ። በአንድ ቃል ምሕረቱንም ትምህርቱንም አስተላለፍሁ ብዬ እኮራበት ነበር። ጎረቤቶች ሲሰሙ ደስ ይላቸዋል። ጉልበቷ ላይ የጠጠር ምልክት እንደሚቀር ግን ዐያለሁ፤ ዐይቼም ዝም እላለሁ። ልጅ በቁጣ ይቃናል የሚል እምነት ነበረኝ። ዛሬም ሙሉ በሙሉ ተውሁት ብዬ አልዋሽም።

ዐሥራ አንደኛ ክፍል ስትደርስ ጥላን ሄደች። ከጓደኛዬ ጋር ላጠና ነው ብላ ወጥታ፣ በማግስቱ ከአዲስ አበባ ለእናቷ ደወለች። ደላላ አግኝታ ፓስፖርት ካወጣች ሰንብታለች። በሦስተኛው ቀን ዐረብ አገር ገባች። ደብተሮቿን ሰብስቤ ሣጥን ውስጥ ቆለፍሁና ቁልፉን ከመዝገብ ቤቱ ቁልፎች ጋር አሰርሁት። ሰው ሲጠይቀኝ፣ ልጅ የለኝም እላለሁ።

አራት ዓመት በስልክ ከእናቷ ጋር ተነጋገረች። ባለቤቴ ስልኩን ወደ እኔ ስትዘረጋ ተነሥቼ ወደ ግቢው እወጣለሁ። አውታሩ በጠፋባቸው ወራት ደግሞ ድምፅዋ እንኳ ሲጠፋ፣ ባለቤቴ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ ዐይቼ አላየሁም። ቀላል ምሕረት ቀላል ልጅ ያሳድጋል ብዬ ራሴን አሳመንሁ። እውነቱን ለመናገር ተቆጥቼ ብቻ አልነበረም። ዐፍሬም ነበር። ፊደል ያስቈጠርኋት ልጅ የሰው ቤት ወለል እየወለወለች መሆኗን መሥሪያ ቤት እንዳይሰሙብኝ ነበር የምፈራው።

ባለፈው መስከረም ተመለሰች። ከስታለች፤ ግራ እጇ ላይ የዘይት ጠባሳ አለ። ጉልበቴን ሳመች፣ እንደምን አደርሽ አልኋት፣ በዚያው ቀረ። በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖርን በእናቷ በኩል ነበር የምንነጋገረው። ራት ቀርቧል በያቸው፣ በሩን ትዝጋ በያት፣ እንዲህ ነበር ኑሯችን።

ከእናቷ ጋር ግን ወጥ ቤት ሆነው ሲያወሩ ይሰማኛል። አንድ ቀን የመጀመሪያ ቀኗን እያወራች ነበር። የቤቱ እመቤት ላሕም አምጪ ብላ ታዝዛታለች። ሌላው ዐረብኛ ሁሉ ጨለማ ሆኖባት ሳለ ይህችን አንዲት ቃል ዐውቃታለሁ ብላ ደስ አላት፤ ላሕም ላም ናት፣ አባቴ አስተምረውኛል። ታዲያ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ላም ከየት ትምጣ? በረንዳ ወጥታ ቁልቁል ስትመለከት፣ ሴትዮዋ ጎትታ ወስዳ ማቀዝቀዣውን ከፈተችላት። እናቷ ሥቃ ሥቃ፣ "እሰይ፣ ግእዝ ይህን ያህል ከጠቀመሽ!" ስትላት ሰማሁ። እኔም ሳሎን ተቀምጬ አፌን በጋዜጣ ሸፈንሁ። የየኔታ ቃል በልጄ ላይ ሲደርስ ሰማሁ ማለት ነው። ተነሥቼ ገብቼ ስለ ቤተ ልሔም ልነግራት ፈለግሁ። አልተነሣሁም።

ጥቅምት ላይ፣ እሑድ ከቅዳሴ ተመልሰን ምሳ ስንበላ፣ ልጅቱ ወጥ ቤት እንዳለች ባለቤቴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ልማር ብላለች ልጅህ። ንገሪልኝ አለችኝ" አለችኝ።

እኔ የመጣብኝ ሣጥኑ ነው። የተቆለፉት ደብተሮች፣ ያልተፈተነችው ፈተና፣ እኔ ያላገኘሁትን ዕድል ረግጣ የሄደችበት ቀን። አሁን ደክሟት ስትመለስ ትምህርት አማራት አልሁ በልቤ።

"ጊዜው አልፏል በያት" አልሁ። "መማር በጊዜው ነበር።"

ባለቤቴ እጇን ከምግቡ መለሰች። "እንዲሁ ልበላት?"

"እንዲሁ በያት።"

ከዚያ በኋላ ወጥ ቤቱ ጸጥ አለ። ሁለት ሳምንት አለፈና ደላላው እንደ ገና እንደ ተገኘ፣ ሌላ አገር ሌላ ቤት እንደ ተዘጋጀላት፣ የአውሮፕላን ቲኬቷም ለኅዳር መጨረሻ እንደ ተቆረጠ ባለቤቴ ነገረችኝ። እንደ ፈለገች አልሁ። እንዲያውም፣ የእውነት መማር ብትፈልግ ኖሮ አንዴ ስትከለከል ትተወው ነበር ወይ ብዬ ፍርዴን አጸናሁ።

ባለቤቴ ግን ስእለት ነበረባት። ልጄ በሰላም ከተመለሰች ብላ ለዘጌ ቤተ ክርስቲያን ጥላ ተስላለች። ስእለቷ ሳይገባ ልጅቱ አትሄድም፣ አባትም ይምጣ አለች። በረራው አምስት ቀን ሲቀረው፣ ቅዳሜ ጧት ሦስታችንም ጀልባ ተሳፈርን።

ሐይቁ ረግቶ ነበር። እምቦጩን ንፋስ ወደ ዳር ገፍቶታል፤ አንድ ሰው በደንገል ታንኳ በመካከሉ እየቀዘፈ መንገድ ይፈልጋል። ባለቤቴ በጨርቅ የተጠቀለለውን ጥላ ታቅፋ ከፊት ከገበያተኞቹ ሴቶች ጋር ተቀመጠች። ለእኔና ለልጄ የቀረው የኋላው መቀመጫ ነው። ከሞተሩ አጠገብ ጎን ለጎን ተቀምጠን የየራሳችንን ውሃ እናያለን። የጀልባው ስም በውስጠኛው ጎን በሰማያዊ ቀለም ተጽፏል፤ "ሰላመ ባህር" ይላል። ልማድ ሆኖብኝ ከንፈሬን መጠጥሁ።

"በሐመሩ ነበር" አለች ልጄ፣ ጽሑፉን እያየች። ቀጥላም ቃሉን ጠራችው። "ባሕር።"

እንዲህ ያለ ድምፅ ከአማርኛ ተናጋሪ አፍ ሰምቼ አላውቅም። ከጉሮሮ ሥር የወጣ፣ ደረቅና ሞቃት ትንፋሽ ነበር።

"ድገሚው" አልኋት። ከተመለሰችበት ቀን ወዲህ በቀጥታ የነገርኋት የመጀመሪያው ቃል ይህ ነው።

ደገመችው። በሀሌታውም ጠርታ አሳየችኝ፤ ያኛው ቀላል ነው፣ ከአፍ ላይ ይጠፋል። "እዚያ ይሰማል፣ አባባ" አለች። "ሀሌታውና ሐመሩ አይመሳሰሉም። ፊደል ያልቈጠረ ሰው እንኳ አያሳስታቸውም። ለምን ሁለት ሆነ ብዬ ጠይቄዎት አልነበር? ለዚህ ኖሯል።"

ሠላሳ ዓመት በዐይኔ የለየሁትን፣ ሰው የተቆጣሁበትን፣ የልጄን መዳፍ የመታሁበትን ነገር በጆሮዬ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። ያሰማችኝም የተመታችው ናት።

እሷ ወሬዋን ቀጠለች። የዚያ ቤት እመቤት ስትቆጣ ሒማራ ትላት ነበር። መጀመሪያ ላይ ከሐመር ጋር አገናኝታው፣ ጀልባ ብላ የምትጠራኝ ለምን ይሆን ትል ነበር።

"ምን ማለት ኖሯል?" አልኋት።

"አህያ" አለችና ሣቀች። እኔ አልሣቅሁም።

ከዚያ ያወራችልኝን በራሴ ቃል ልናገር። አንድ ቀን የእንግዳ ሳሕን ከእጇ ወድቆ ተሰበረ። ሴትዮዋ ሳምንት ሙሉ አላናገረቻትም። በሰባተኛው ቀን እንግዶች መጥተው፣ የሠራችውን ምግብ በልተው ሲያመሰግኑ፣ ሴትዮዋ ወጥ ቤት ድረስ መጥታ ማሂራ አለቻት። ልጄ ቃሉን ከምሕረት ቆጥራ፣ ማረችኝ ብላ የሴትዮዋን እጅ ያዘችና ሳመች፣ አለቀሰችም። ሴትዮዋ ግራ ገባት። ማሂራ በእነሱ ባለሙያ፣ ሥራ ዐዋቂ ማለት ነው። ሥሩ የእኛው መሀረ ነው፤ የትምህርቱ። ምሕረትን እነሱ ራሕማ ነው የሚሉት፤ ያንኑ የእኛን ሐመሩን ሐ በመካከል አድርገው መንና ረን ቦታ ያለዋወጧቸው ይመስላል።

"በሀሌታው እንደ ተናገረችው ሰምቻለሁ" አለች ልጄ። "ጆሮዬ ለይቶታል። እኔ ግን መስማት የፈለግሁት ሌላውን ነበር።"

ጀልባው ወደ ደኑ እየቀረበ ነበር። እጇ ላይ ያለውን ጠባሳ በአውራ ጣቷ እያሻሸች፣ ፊቷን ወደ ውሃው እንዳደረገች ቀጠለች።

"ያን ዕለት ነው፣ አገሬ ገብቼ አባቴን ልማር እላለሁ ያልሁት። እናቴን የላክሁዎት ለዚሁ ነበር። ጊዜው አልፏል አሉኝ።"

"ትምህርቱን መስሎኝ ነው" አልሁ።

"የምን ትምህርት?" ዞራ ዐየችኝ። "ልማር ስል፣ ተማሪ ይሉኝ አልነበር? መንበርከኩን ረሱት እንዴ?"

ረስቼዋለሁ። እኔ ያወጣሁትን፣ እኔ የኮራሁበትን፣ በእሷ ጉልበት ላይ ጠጠሩ የቀረበትን ነገር ረስቼዋለሁ። የኔታ ስለ ላሕም የነገሩኝ በቤቴ ውስጥ ሆኖ ኖሯል። እኔ የምኖረው ባላገኘሁት ትምህርት ነው፤ ቃሉን ስሰማ ትምህርት ሆነብኝ። እሷ የኖረችው በበደሏ ነው፤ ቃሉ ምሕረት ሆነባት። ሰው ከተናገረው ይልቅ ራሴ የምኖርበትን እንደምሰማ አላውቅም ነበር። ፊደል አራሚ ነኝ እል ነበር፤ አንዲት ቃል ማንበብ አቅቶኝ ልጄን ወደ ሰው ቤት ልመልሳት አምስት ቀን ቀርቶኝ ነበር።

ይቅር በይኝ ማለት ነበረብኝ። አባት ለልጁ እንዲህ ሲል ሰምቼ ስለማላውቅ አፌ አልታዘዘልኝም። ያወጣሁት የድሮውን ነው።

"ተማሪ" አልኋት።

ጠባሳዋን ማሻሸቷን ተወች። "በየትኛው ሀ?" አለች።

"በሐመሩ" አልሁ። ቁልፎቼን ከኪሴ አውጥቼ ትንሿን ቁልፍ ፈትቼ ሰጠኋት። "የሣጥኑ ናት። ደብተሮችሽ አሉ። ሀሌታውንም ከፈለግሽ።"

ቁልፏን ጠባሳ ባለበት እጇ ጨበጠቻት። ቆየት ብዬ ምሕረት የሚለውን እንደ እሷ አድርጌ ልጠራ ሞከርሁ። ትንታ እንደ ያዘው ሰው አሳለኝ፤ ፊት የተቀመጡት ሴቶች ዞረው ዐዩኝ። ልጄ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

"መነጽርዎን ሲያጸዱ እንዴት ነው የሚተነፍሱበት?" አለችኝ።

አውልቄ እንደ ወትሮው ተነፈስሁበት። መስተዋቱ ደበዘዘ።

"እሱ ነው" አለች። "ሐመሩ ሐ እሱ ነው። ሁልጊዜ ይሉታል እኮ።"

ከጀልባ ስንወርድ ነገሩን ለባለቤቴ ነገርኋት። ጥላዋን ከጨርቁ እየፈታች፣ "እኔ ያለችውን አደረስሁ፣ ያልኸውን መለስሁ። ፍቺ የጠየቀኝ የለም" አለችኝ። ከዚያ በኋላ ስእለቷን እስክታገባ ድረስ አንድም ቃል አልተነፈሰችልኝም። አልፈረድሁባትም።

በበረራው ቀን ልጄ አልሄደችም። ደላላው በስልክ ሲጮኽ ሰማሁት፤ እሷ በዐረብኛ አንድ ነገር ብላ ዘጋችበት። ምን እንዳለችው አልጠየቅሁም፤ ሐመሩ ሐ እንዳለበት ግን ለየሁ። ሁሉ ተስተካከለ ማለቴ አይደለም። ዛሬም ዕቃ ሲወድቅ ትደነግጣለች። እኔም ዛሬም እቆጣለሁ፤ ከተቆጣሁ በኋላ ደግሞ ይደክመኛል። አራት ዓመት በስልክ ያልሰማሁትን ድምፅ ማንም አይመልስልኝም።

ከጥምቀት በኋላ የማታ ትምህርት ለመመዝገብ ቅጽ አምጥታ ሳሎን ተቀምጣ ሞላች። ሳትሰጥ በፊት ይዩልኝ አለችኝ። ቀዩን እስክርቢቶ ከደረት ኪሴ አወጣሁ፤ መዝገብ ቤት ያስለመደኝ ነው። ከላይ ጀምሬ ወረድሁ። ባሕርን በሐመሩ ጽፋለች፣ ትምህርትን በሀሌታው። "ሥራ" ከሚለው ፊት ለፊት "ተማሪ" ብላለች።

እዚያ ላይ ቆየሁ። በዚህ ቃል ውስጥ የሚታረም ሀ የለም። እስክርቢቶውን ከድኜ ቅጹን መለስሁላት።